ለደርባባ ወተት የጮኹት ሰው

የዶክተር ታምራትን ሞት የነገረኝ የባጃጅ ሾፌር ነው። ከሚዛን ገበያ ፉርሽካ ጭኖልኝ ወደ ጣቢያው መጣንና ማዳበሪያዎቹን አብረን ካወረድን በኋላ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ "ስማ እንጂ፣ ያ የአሳማ ዶክተራችሁ ዐረፉ አሉ" አለኝ።

"የትኛው?" አልኩት፤ በአገሩ ሌላ የአሳማ ዶክተር እንደሌለ እያወቅሁ።

"ረጅሙ ነዋ! ማማ ላይ ወጥተው የሚጮኹት!"

ጡረታ ከወጡ በኋላ አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ እንደሚኖሩ አውቅ ነበር። ልባቸውን እንደሚያማቸውም ሰምቻለሁ። ስልክ ደወልኩ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ድምፄን እንደሰሙ "አዎ የኔ ልጅ፣ እውነት ነው" አሉና ማልቀስ ጀመሩ። ጥቂት ቆይተው፣ "አሳማዎቹ ደኅና ናቸው?" ብለው ጠየቁኝ። እትዬ አስካለ በሕይወታቸው ስለ አሳማ ደኅንነት ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል።

"ደኅና ናቸው" አልኳቸው።

"እንግዲህ እሱም ቢሆን የሚጠይቅህ ይህንኑ ነበር" ብለው ስልኩን ዘጉ።

የቀለብ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ወደ ጋጣዎቹ ወረድኩ። ስለ እሳቸው ለመጻፍ ያሰብኩት እዚያው፣ ፉርሽካውን ከውኃ ጋር ሳማታ ነው። በከተማችን ዶክተር ታምራትን የሚያስታውሳቸው ሰው ሁሉ የሚያስታውሳቸው በጩኸታቸው ነው። እኔ ግን ለምን እንደጮኹ በቅርብ ያየሁ ሰው ነኝ።

ጣቢያችን ከሚዛን ተፈሪ ወደ ሸዋ ቤንች ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ በቡና ጥላ ዛፎች መካከል ያለ አነስተኛ የእንስሳት እርባታ ነው። ከላይ ዶሮዎችና ፍየሎች አሉ። አሳማዎቹ ከታች ናቸው፣ ወንዙ አጠገብ። ለምን ከታች እንደሆኑ የሚጠይቅ ሰው ካለ ውኃ ስለሚቀርብ ነው ይባላል። እውነቱ ግን እንግዳ ሲመጣ እንዳይታዩ ነው። በእኛ አካባቢ አሳማ የሚበላ አለ፣ የማይበላም አለ፤ ከተማው ውስጥ የማይበላው ይበዛል። እኔ እዚያ የተቀጠርኩት አሳማዎቹን እንድንከባከብ ነው። ትምህርቴን አልጨረስኩም፤ ያገኘሁትን መጽሐፍ ግን አነባለሁ።

ዶክተር ታምራት የመጡት ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ያህል ሲቀራቸው ነው። ማጂ ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የእንስሳት አካል እንዴት እንደሚሠራ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የመጨረሻ ሥራዬ ብለው የያዙት በእርጉዝና በምታጠባ አሳማ ደም ውስጥ ያሉትን ሆርሞኖች መለካት ነበር። ቁመታቸው ረጅም ስለነበር በጋጣዎቹ ጣሪያ ሥር ሁልጊዜ ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት። ጋዋናቸው ከጉልበታቸው በላይ ይቀራል። በአንዱ ኪሳቸው ቴርሞሜትር፣ በሌላው ብርቱካን አይጠፋም። ሲያስቡ ብርቱካኑን ይልጣሉ፤ ሐሳቡ ካልመጣላቸው ተልጦም ሳይበላ እጃቸው ላይ ይቀራል።

መጀመሪያ ቀን ከጋጣው በር ላይ ቆሙና ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጥ ላለችው አሳማ "እንደምን አደርሽ?" አሏት። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

"ምን ያስቅሃል?"

"ሰላም ሲሏት ነው።"

"አንተስ አትልም?"

"ኧረ እኔስ አልልም።"

"ከዛሬ ጀምሮ ትላለህ። ድምፅህ ይቅደም፣ ሰውነትህ ይከተል። ድንገት ከገባህባት ትደነግጣለች፤ ስትደነግጥ ደሟ ይለወጣል። የደነገጠች አሳማ ደም ስለ ድንጋጤዋ ነው የሚነግረኝ። እኔ የምፈልገው ስለ እርግዝናዋ እንዲነግረኝ ነው።"

ይህን ብለው ግን የዚያን ቀን ደም አልቀዱም። በማግሥቱም አልቀዱም። በየቀኑ እየመጡ ጋጣው ደፍ ላይ ተቀምጠው ያወሯታል፤ ስኳር ድንች ይሰጧታል፤ ጆሮዋን ያሻሉ። ጆሮዋ ላይ የምትታየውን ደም ሥር በጣታቸው ተጭነው ይለቋታል። እኔ ሰውየው ሥራ የላቸውም ብዬ ነበር። በኋላ መርፌውን ሲያስገቡ አሳማዋ ስኳር ድንቿን ማኘኳን እንኳ አላቆመችም።

ሆርሞን የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት አንብቤው ነበር እንጂ አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን ደሙን በበረዶ ሣጥን ውስጥ እየደረደሩ፣ "ሆርሞን ምን ትለዋለህ?" ብለው ጠየቁኝ።

"በየቤቱ ደጃፍ እየዞረ የሚያንኳኳ ሰው አስብ" አሉኝ። "ሁሉንም ቤት ያንኳኳል፤ የሚከፍትለት ግን የሚያውቀው ቤት ብቻ ነው። ማህፀን የሚያውቀው አለ፣ ጡት የሚያውቀው አለ። እርግዝናውን የሚጠብቀው ፕሮጄስትሮን ይባላል። እሱ በደሟ ውስጥ በርክቶ እስካለ ድረስ ማህፀኗ ጸጥ ይላል። የመውለጃዋ ቀን ሲደርስ ይወርዳል። ያኔ ነው አሳማዋ ሣር ማግበስበስ፣ ጎጆ መሥራት የምትጀምረው። ማንም አላስተማራትም። ደሟ ነው ያዘዛት።"

እውነትም አንዷ አሳማ ልትወልድ ስትል ያቀረብኩላትን የቡና ገለፈትና ደረቅ የእንሰት ቅጠል በአፏ እየለቀመች ወደ ጥግ ስትከምር አየሁ። ዶክተር ታምራት አጥሩን ተደግፈው፣ "አየህ? ወርዷል። ላብራቶሪው ነገ የሚነግረኝን እሷ ዛሬ ነገረችኝ" አሉ።

ቤታቸው ሚዛን ከተማ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን የረሱትን መነጽር ላደርስላቸው ሄጄ አጥሩ በር ላይ አገኘኋቸው። ቦት ጫማቸውን ደጅ አውልቀው፣ ከቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብሳቸውን እየቀየሩ ነበር። ጄሪካን ሙሉ ውኃ፣ ሳሙናና ፎጣ እዚያው ተቀምጦላቸዋል። እትዬ አስካለ በረንዳው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

"ክርንህንም ታጠብ" አሉ እትዬ አስካለ።

"ታጠብኩ እኮ።"

"ሽታው እዚህ ድረስ ይሰማኛል።"

"እሱ የአንቺ አፍንጫ ነው፤ ገና ከሚዛን ገበያ ስነሣ ነው የሚሸትሽ።"

"ሰውዬ፣ እኔ ጋር አትቀልድ። ጾም ነው።"

ዶክተር ታምራት ጾም ያከብራሉ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አይቀሩም፤ የአሳማ ሥጋ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። አንድ የሰፈር ሰው ይህን አንሥቶ፣ "ታዲያ ዕድሜዎን በአሳማ ላይ የሚጨርሱት ለምንድን ነው?" ብሎ ቢጠይቃቸው፣ "አትብላ ተባልኩ እንጂ አትወቅ አልተባልኩም" ብለው መለሱለት። ይህች ንግግራቸው ሚዛን ውስጥ ብዙ ጊዜ ስትደገም ሰምቻለሁ፤ አንዳንዱ በአድናቆት፣ አንዳንዱ በፌዝ።

የምርምሩ ጥቅም ለማን እንደሆነ የገባኝ ማርታን ካገኘን በኋላ ነው። ማርታ ገበያ ውስጥ ሙዝና ጎደሬ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ የቤንች ሴት ናት። እሷና ጓደኞቿ የፕሮቴስታንት አማኞች ስለሆኑ እምነታቸው አሳማ ከማርባት አይከለክላቸውም። በማኅበር ተደራጅተው ነበር። ጣቢያው ሴት ግልገሎች ሊሰጣቸው ቃል ገብቷል። ግን አንድ እንቅፋት ነበር። ቀደም ሲል በራሳቸው ገዝተው ያረቡት የአሳማ ግልገል ሁሉ በጥቂት ቀን ውስጥ በረሃብ አልቆባቸዋል፤ ለምን እንደሆነ አያውቁም።

"እናትየው ወተት የላትም" አለች ማርታ። "ልክ እንደ ላም አልቤ አየሁ፤ አንድ ጠብታ የለም።"

"ላም ጎተራ አላት" አሉ ዶክተር ታምራት። "ወተቷ ተጠራቅሞ ይጠብቅሻል። አሳማ ጎተራ የላትም። ወተቷ የሚወርደው ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን በደሟ ሲረጭ ብቻ ነው። እሱም እንደ መብረቅ ነው፤ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ግልገሎቹ ያኔ ጡቱን ካልያዙ አበቃ፤ እስከሚቀጥለው ይጠብቃሉ።"

"መቼ እንደሚመጣ በምን አውቃለሁ?"

"ትነግርሻለች። አድምጪ።"

ከዚያ ዶክተር ታምራት በጠራራ ፀሐይ፣ በሚዛን ገበያ መካከል፣ ጎደሬ የሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጠው እንደ አሳማ ማጉረምረም ጀመሩ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ እየቆዩ፤ "ኧኽ... ኧኽ... ኧኽ..."። "ይህ ልጆቿን ስትሰበስብ ነው" አሉ። ቀጥለው አፈጠኑት፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ፤ "ኧኽ ኧኽ ኧኽ ኧኽ!"። "አሁን ኦክሲቶሲኑ ተረጨ! አሁን ወተት ነው! ልጆቹ ጸጥ ይላሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ይለጥፋሉ፣ ይውጣሉ!"

ገበያው ቆመ። የባጃጅ ሾፌሮቹ እየሳቁ ተሰበሰቡ። አንዲት ሽሮ ሻጭ "በስመ አብ! ሰውየውን ምን አገኛቸው?" አለች። ማርታ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ታደምጥ ነበር። ሲጨርሱ፣ "እስቲ የፈጣኑን ድገሙልኝ" አለቻቸው። ደገሙላት።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ቤታቸው ደረሰ። እትዬ አስካለ ለሳምንት ያህል ገበያ አልወጡም።

አሁን ወደ ደርባባ እመጣለሁ። ደርባባ የጣቢያው ትልቋ አሳማ ናት። ስሟን ያወጡላት ዶክተር ታምራት ናቸው፤ ረጋ ያለች ስለሆነች። ለማርታና ለጓደኞቿ ሊሰጡ የታሰቡት የእሷ ግልገሎች ነበሩ። ደርባባ ከመውለዷ በፊት የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ታምራትን ጠርቶ በግልጽ ነገራቸው። እኔም ፉርሽካ ቤቱ ውስጥ ሆኜ ሰማሁ።

"እርስዎ ጡረታ ሲወጡ የአሳማውን ክፍል መዝጋታችን ነው። የሚፈልገው ሰው የለም፤ የሚጠላው ብዙ ነው። አሳማዎቹን ጭነን እንሸጣለን።"

"ሴቶቹ ይፈልጋሉ።"

"ሴቶቹ ያረቡት ሁሉ ይሞትባቸዋል። ይቺ የወለደችው አድጎ፣ ጡት ተጥሎ፣ በእጃቸው ሲገባ ካየሁ ሌላ ነገር ነው። ካልሆነ ግን አይፍረዱብኝ።"

ዶክተር ታምራት ከዚያ ወጥተው ብርቱካን ላጡ። አልበሉትም።

ደርባባ የወለደችው በቆሎው እሸት ሲይዝ ነው። ከጣቢያው አጥር ማዶ የጋሽ ወንድሙ ማሳ አለ። ጋሽ ወንድሙ ቡናና በቆሎ አምራች፣ አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሽማግሌ ነው። አማርኛን ጎልማሳ ሆኖ የተማረ ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ነው የሚለው፤ ማንም አይቀየመውም። በእሸት ወራት ከንጋት እስከ ምሽት ማማው ላይ ሆኖ የተንጠለጠለ ቆርቆሮ ይመታል። ዝንጀሮና ጦጣ ቀን፣ ከርከሮ ሲመሽ ስለሚመጡበት ነው። ማማው ደግሞ ከደርባባ ጋጣ አጠገብ፣ አጥሩ ጥግ ላይ ነበር።

ደርባባ ትተኛለች፤ ግልገሎቿ ይሰለፋሉ፤ ማጉረምረም ትጀምራለች፤ ልታፈጥን ስትል ቆርቆሮው ይንጫጫል። ብድግ ትላለች። ግልገሎቹ ከጡት ላይ ይረግፋሉ። ቆይታ ደግሞ ትተኛለች፤ እንደገና ቆርቆሮው። ዶክተር ታምራት ኦክሲቶሲን በመርፌ ወጓት፤ ወተቱ ወረደ፤ ልጆቹ ጠጡ። ግን የምታጠባው በየሰዓቱ ገደማ ነው። "እኔ በየሰዓቱ መርፌ ልሆንላት አልችልም" አሉ። "ስትፈራ ሌላ ሆርሞን ይነሣና የኦክሲቶሲኑን በር ይዘጋል። ፍርሃቷን ነው ማስወገድ ያለብን።" ሁለት ግልገሎች ሞቱ። የቀሩት ጎናቸው መግባት ጀመረ።

አጥሩን ተሻግረው ጋሽ ወንድሙ ዘንድ ሄዱ። ተከተልኳቸው።

"ጋሽ ወንድሙ፣ እባክዎ ቆርቆሮውን ይተዉልኝ። አሳማዋ አራስ ናት።"

"አንተ ዶክተር፣ መጀመሪያ አሳማህን ዝም አሰኛት" አለ ጋሽ ወንድሙ ከማማው ላይ።

"እሷ ምን አደረገች?"

"ትጠራለች! ኧኽ ኧኽ ትላለች። ከርከሮ ይሰማል። ሚስት አገኘሁ ብሎ ይመጣል። ሲመጣ የሚበላው የእኔን በቆሎ ነው።"

"ከርከሮና እሷ አይጋቡም። ዘራቸው የተለያየ ነው።"

"አንተ ነህ የምትድራቸው? ለከርከሮው ነግረኸዋል?"

እኔ ሳቄ መጣብኝ፤ ዶክተር ታምራት ግን ተቆጡ። እንደዚያ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። "ይህ እኮ ዝም ብሎ አለማወቅ ነው!" አሉ ጮክ ብለው።

"እሺ፣ አላውቅም" አለ ጋሽ ወንድሙ። "የተበላ በቆሎ ግን አውቃለሁ።" ፊቱን አዙሮ ቆርቆሮውን መታ።

ስንመለስ ዶክተር ታምራት ጋጣው ደፍ ላይ ተቀመጡ። "ያልኩት ትክክል ነበር አይደል?" አሉኝ።

"ትክክል ነበር።"

"ወተቱ ግን አልመጣም" አሉ።

በማግሥቱ ማለዳ ተመልሰው ሄዱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ማማው ሥር ቆመው፣ "እንደምን አደሩ?" አሉ፤ መልስ እስኪያገኙም ጠበቁ። ጋሽ ወንድሙ ወረደ። ዶክተር ታምራት ይቅርታ ጠየቁትና፣ "ትናንት ነገርኩዎት እንጂ አልጠየቅሁዎትም" አሉት። "ዝም ቢሉ ምን ይሆናል?"

ጋሽ ወንድሙ ወደ ኮረብታው ጠቆመ። ከላይ እስከ ታች ማሳ ከማሳ፣ ማማ ከማማ ተያይዞ ይታያል። "የላዩ ይመታል። እኔ እመልሳለሁ። ከእኔ በታች ያለው ይመልሳል። እንዲህ ነው ከአባቶቻችን ጀምሮ። ያልመለሰ ማሳ ሰው የለውም ማለት ነው። ዝንጀሮ ሞኝ አይደለም፤ ጆሮውን ጥሎ ይሰማል። እኔ ተራዬን ከዘለልኩ እኔ ጋ ይወርዳል።"

ዶክተር ታምራት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን አወጡ። ልጠው እኩሌታውን ለጋሽ ወንድሙ ሰጡት። "የግድ ቆርቆሮ መሆን አለበት?"

"ድምፅ ነው። ሰው መኖሩን ዝንጀሮው ይወቅ። ድሮ በአፌ ነበር የምመልሰው። አሁን ደረቴ ደክሟል።"

"የእኔ አልደከመም" አሉ ዶክተር ታምራት። "ከኋላ ወንበር የሚተኛ ተማሪ ስቀሰቅስ ነው የኖርኩት። ደርባባ ደግሞ የእኔን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ካረገዘች ጀምሮ ሳወራት ነው የከረምኩት። አንድ ቀን ማማዎን ያበድሩኝ።"

ጋሽ ወንድሙ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። "ይሰበርብሃል" አለ።

"ከተሰበረ አብረን እንሠራዋለን።"

ወጡ። ማማው ጮኸ እንጂ አልተሰበረም። እኔ ጋጣው ውስጥ ከደርባባ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጋሽ ወንድሙ አጥሩን ተደግፎ ቆመ፤ ልቡ ግን ማሳው ላይ ነበር።

ደርባባ ተኛች። ግልገሎቹ እየተንገዳገዱ ተሰለፉ። ኧኽ... ኧኽ... አለች። ከኮረብታው በላይ ቆርቆሮ ተመታ፤ እዚያ ሩቅ ስለነበር አልደነገጠችም። አሁን ተራው የእኛ ማሳ ነው።

"ሆ...ይ!" አሉ ዶክተር ታምራት ከማማው ላይ፣ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው።

ደርባባ ዝም አለች። አንድ ጆሮዋ ተነሣ። ግልገሎቹም ቆሙ። እንደምትነሣ እርግጠኛ ነበርኩ። ጆሮዋ ቀስ ብሎ ተመልሶ ዓይኗ ላይ ተኛ። ከዚያ፣ ኧኽ፣ አለች። ኧኽ። ኧኽ ኧኽ ኧኽ ኧኽ። ግልገሎቹ በአንዴ ጸጥ አሉ፤ ጆሯቸው ወደ ኋላ ተለጠፈ፤ የሚሰማው ሲውጡ ብቻ ነበር። የአንዷ አፍ ጥግ ላይ ወተት አየሁ።

ጋሽ ወንድሙ አንገቱን በአጥሩ ላይ አስግጎ ነበር። ግልገሎቹን እስኪጨርሱ አያቸው። ከዚያ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ "ስትጠራ የከረመችው እነሱን ነው ለካ" አለ።

ዶክተር ታምራት ከዚያ ቀን ጀምሮ በቆሎው እስኪደርቅ ድረስ ማማው ላይ ዋሉ። ሲደክማቸው ጋሽ ወንድሙ ይተካቸውና በአፉ ይመልሳል፤ ቆርቆሮውን አውርዶ ቤቱ ወስዶታል። ዶክተር ታምራት ግን "ሆይ" ማለት ቶሎ ሰለቻቸው። ሦስተኛው ቀን ይሁን አራተኛው፣ ከላይ ቆርቆሮ ሲመታ፣ "ፕሮጄስትሮን ወረደ!" ብለው መለሱ።

ከታችኛው ማሳ ያለ ጎረምሳ፣ "ማን ወረደ?" ብሎ ጮኸ።

"ፕሮጄስትሮን! የእርግዝና ጠባቂ!"

"የት ወረደ? ወደ እኔ ከመጣ በድንጋይ ነው የምለው!"

"ዝንጀሮ አይደለም! ሆርሞን ነው!"

እንዲህ ተጀምሮ ኮረብታው ሁሉ ተማሪያቸው ሆነ። ጠዋት የእርግዝናውን ያስተምራሉ፤ ከሰዓት የማጥባቱን። ሰዉ መጀመሪያ ሊያፌዝባቸው ነበር የሚመልሰው። አንዱ "ፕሮላክቲን ምን ይሠራል?" ይላል፤ ከሦስት ማሳ ማዶ ሌላው "ወተት ይሠራል!" ብሎ ይመልሳል። "ማን ያወርደዋል?" "ኦክሲቶሲን!" ማርታና ጓደኞቿ ወንዝ ሲወርዱ ቆም ብለው ይሰማሉ፤ ያልገባቸውን ከታች ሆነው ይጠይቃሉ። ዶክተር ታምራት ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረው እንደዚያ ወራት የሚመልስ ክፍል አግኝተው እንደማያውቁ ነግረውኛል። ጋሽ ወንድሙም የዚያ ዓመት በቆሎው ከሌላው ጊዜ የበለጠ እንጂ ያነሰ አልተበላበትም ብሎ ሲያማርር ነበር፤ ግን ማማውን አልከለከላቸውም። "ጦጣዎቹ ትምህርት ወደዱ" ይላል።

እንዲህ ያለውን ሥራ ኃላፊው አልወደደውም። አንድ ቀን እንግዶች ይዞ ሲመጣ ዶክተር ታምራት ማማው ላይ ነበሩ፤ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። እትዬ አስካለም ምሳ በሰው ሲልኩ፣ "ለጯሂው ስጥልኝ" ይሉ ነበር። ከምሳው ጋር ግን ሁልጊዜ በጠርሙስ የተደረገ ማር በሞቀ ውኃ አለ፤ ለጉሮሯቸው።

ማሩ አልበቃም። በቆሎው ተሰብስቦ ሲያበቃ የዶክተር ታምራት ድምፅ አብሮ አለቀ። መጀመሪያ ሻከረ፤ ቀጥሎ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ሐኪም ሄደው ዝም ይበሉ ተባሉ። ዝም ማለት አልቻሉበትም፤ በምልክት ብዙ ያወሩ ነበር።

ግልገሎቹ ግን ሞሉ። ቆዳቸው ተወጠረ፤ ጋጣው ውስጥ እየተሯሯጡ እርስ በርስ ይገፋፉ ጀመር። ጡት ከተጣሉ በኋላ ማርታና ጓደኞቿ ሊወስዷቸው መጡ። ያ ቀን የዶክተር ታምራት የመጨረሻ የሥራ ቀን ነበር፤ ግልገሎቹን ሲወስዱ ዶክተሩ እንዲያዩዋቸው ብለው ያን ቀን የመረጡት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። እያንዳንዷ ሴት ግልገሏን ስትቀበል ዶክተር ታምራት ጣታቸውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። አድምጪ ማለታቸው ነው። ማርታ ድርሻዋን አቅፋ፣ "እርስዎ ባይኖሩም እኔ እጮህላታለሁ" አለቻቸው። ሳቁ፤ የሳቃቸው ድምፅ ግን አልወጣም።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ደርባባ ብቻዋን ቀረች። ኃላፊው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጋጣውን ሲያይ ቆየ። ዶክተር ታምራትን ሊሰናበታቸው መስሎኝ ነበር። አሳማዎቹን የሚጭነው መኪና መቼ እንደሚመጣ የሚነግረን ከሆነም ብዬ ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሣሁም። ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ዶክተር" አለ፣ "ይቺን መልሰን በአውራው አሳማ የምናስጠቃት መቼ ነው?"

ዶክተር ታምራት አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። እጃቸውን ዘርግተው ወደ እኔ ጠቆሙ።

በሰው ፊት መናገር አልወድም። ሁለቱም ግን እኔን ነበር የሚያዩት።

"ልጆቿ ጡት ስለተዉ ፕሮላክቲኗ ይወርዳል" አልኩ። "ሳምንት ያህል ቢፈጅ ነው፤ ከዚያ ለአውራው ትቆማለች። እስከዚያ ድረስ ከአውራው አጠገብ ወዳለው ጋጣ ላዛውራት አስቤአለሁ፤ ሽታው ያፋጥነዋል።"

"እንግዲያው አዛውራት" አለ ኃላፊውና ወደ ላይ ወጣ።

ዶክተር ታምራት ወደ እኔ ተጠጉ። ረጅም ሰው ስለነበሩ ጆሮዬ ዘንድ ለመድረስ በጣም ጎንበስ ማለት ነበረባቸው። በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው፣ አንድ በአንድ እየገፉ፣ "ቀለቧን ጨምርላት" አሉኝ።